ለስላሳ ስጠጣ ጭንቀቴ ቀለል ይለኛል፤ ጉዳት ይኖረው ይሆን?

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ስሆን ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ልብስ እነግዳለሁ። ዕዳ ስጠየቅ ወይም ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ አንድ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከጠጣሁ ወዲያው ቀለል ይለኛል። አሁን በቀን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ጠርሙስ ደርሻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ስቅም ደግሞ ያለ እሱ አይሆንልኝም። እኅቴ «ልማድ ነው እንጂ ስኳር ጭንቀት አያስታግስም» ትለኛለች። እውነቱ የቱ ነው? ጉዳቱስ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እኅትዎ ልማድ መሆኑን መናገራቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚሰማዎት እፎይታ በሰውነትዎ ውስጥ መሠረት ያለው ነው፤ እኔንም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ሰው ሲጨነቅ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከሥሩ ላለችው የፒቱታሪ ዕጢ ምልክት ይሰጣል፤ እርሷም በደም በኩል ከሁለቱ ኩላሊቶች በላይ የተቀመጡትን የአድሬናል ዕጢዎች ታነቃለች፤ እነርሱም ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል፣ የደም ግፊት እንዳይወርድ ያግዛል፣ ጭንቀቱ ሲያልፍም «ይበቃል» የሚለውን መልእክት ለአንጎል የሚያደርሰው ራሱ ነው። ስለዚህ በልኩ ሲነሣና በጊዜው ሲመለስ ጠባቂያችን እንጂ ጠላታችን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 40 የሆነ 19 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው፣ ገሚሶቹ በስኳር የጣፈጠ፣ ገሚሶቹ ደግሞ አስፓርቴም በተባለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የተዘጋጀ መጠጥ በቀን ሦስት ጊዜ ለ12 ቀናት እንዲጠጡ አደረጉ። ከዚያም ሆን ተብሎ የሚያስጨንቅ የሒሳብ ፈተና ሲሰጧቸው፣ ስኳር የጠጡት ሴቶች ኮርቲሶል ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ በጭንቀት ጊዜ ሥራው የሚቀዘቅዘው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍልም በእነርሱ ዘንድ የበለጠ ሲሠራ ታየ። በአስፓርቴም የጣፈጠውን የጠጡት ይህን ለውጥ ስላላሳዩ፣ ምክንያቱ የጣፋጭነቱ ስሜት ብቻ ሳይሆን ስኳሩ እንደሆነ ይጠቁማል። ጥናቱ ትንሽ በመሆኑ ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይሆንም። ሆኖም እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች በተጨነቁ ቁጥር እጃቸው ለምን ወደ ጠርሙስ እንደሚሄድ በሚገባ ያስረዳል፦ ሰውነት መሥራት የሚገባውን ሥራ ስኳሩ ያደበዝዘዋል፣ ሰውም የሚያሳርፈውን ነገር ደጋግሞ ይሻል፣ ያስጨነቀው ዕዳ ግን እዚያው ይጠብቀዋል።

ነገሩ በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ መልኩን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ምግብ ሳይበሉ የቆዩ ጤነኛ ወንዶች ከሚያስጨንቅ ፈተና በፊት ግሉኮስ ሲጠጡ፣ ኮርቲሶላቸው በጭንቀት ጊዜ ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ቁርስ ሳይቀምሱ የሚከፍቱት የመጀመሪያው ጠርሙስ የሚፈልጉትን ዕረፍት ላይሰጥዎት ይችላል።

መጠኑን በቁጥር እንየው። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ይህም ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። አንዱ ጠርሙስ ብቻ ሁለተኛውን ወሰን ያልፋል፤ ሦስቱ ወደ 100 ግራም ይጠጋሉ፤ የሻይዎን ስኳር ገና አልቆጠርንም። እንዲህ ያለው ልማድ ለዓመታት ሲዘልቅ ለክብደት መጨመር፣ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ ለጉበት ስብና ለጥርስ መበስበስ ያጋልጣል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት እንዲሰጡት የምፈልገው ከሰዓት በኋላ ያለውን ነው። በከተማችንም ሆነ በሐረር ጫትና ለስላሳ ተለያይተው አይታዩም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ አፍንም ያደርቃል። ሰውም ምሳውን በቅጡ ሳይበላ፣ ጥሙን በውኃ ሳይሆን በጣፋጭ ያረካል፤ መጠጡ ኮላ ከሆነ ካፌይን ይጨመርበታል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ አመሻሽ ላይ የተጠጣው እኩለ ሌሊትም ደም ውስጥ ይገኛል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ትንሿ ነገር ታስቆጣዋለች፣ ገበያ ገብቶም ገና በጠዋቱ ለስላሳ ያዝዛል። እርስዎ ጭንቀት ብለው የጠሩት ነገር ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ቀን እንዲያቆሙ አልመክርዎትም፤ ካፌይን ድንገት ሲቋረጥ ለጥቂት ቀናት ራስ ምታትና መነጫነጭ ያስከትላልና። በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ይቀንሱ፤ በቅድሚያ የባዶ ሆዱንና ከጫት ጋር የሚጠጡትን ይተዉ። ጫቱን መቀነስ ከቻሉ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ካልቻሉ ግን አስቀድመው ምሳዎን ይብሉ፣ አጠገብዎም ቀዝቃዛ ውኃ ይኑር። በድሬ ወበቅ ድካምና ብስጭት የሚመስለን ነገር የውኃ ጥም ሊሆን ይችላል። ስኳር አልባ በሚባሉት ለስላሳዎች መተካትም ዘላቂ መፍትሔ አይመስለኝም። ደንበኛ ሲያስቆጣዎት ትንፋሽዎን በአፍንጫ ስበው፣ ከሳቡበት ጊዜ በረዘመ ሁኔታ ቀስ እያሉ ያውጡ፤ ይህንንም ለአምስት ደቂቃ ይደጋግሙ፤ ፀሐይ ስትበርድም በከዚራ ዛፎች ሥር በእግርዎ ይሂዱ። ሁለቱም የልብ ምትን ያረጋጋሉ።

ልብዎ በኃይል ሲመታ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ሥራ ከከለከለዎት ለሐኪም ይንገሩ፤ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው።

በዚህ ሳምንት ግን በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ የደም ስኳርዎን ይለኩ። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ከንጹሕ ውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ፣ ጫትም ሳይቅሙ በጠዋት ይሂዱ። ውጤቱ ከ100 እስከ 125 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ ስላለበት፣ ወረቀቱን ይዘው ሐኪም ያነጋግሩ።