ከሰል ማውጫ ልትቀጠሩ ለምታስቡ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሰሞኑን ያገኘሁት ወጣት ሁሉ ስለ ድንጋይ ከሰል ይጠይቀኛል። «ጋሼ፣ እዛ ሰው ይቀጥራሉ ይባላል፤ እውነት ነው?» ይቀጥራሉ። ግን የሚፈልጉት ሰው ተቀይሯል፤ ወሬው ነው ገና ያልደረሰበት።

ከሰል ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ዶማና አካፋ ነው። በማኅበር ተደራጅተው በዶማ የሚቆፍሩ ልጆች ዛሬም አሉ። ችግሩ የአገራችን ከሰል አመድ ይበዛበታል። ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣውን ሲያነድዱ የኖሩት ያለ ነገር አይደለም። አሁን የአገር ውስጡ ይተካው ሲባል አመዱን የሚቀንሱ ከሰል ማጠቢያ ፋብሪካዎች መጡ። ማጠቢያ ካለ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን፣ መካኒክ፣ በያጅና የላቦራቶሪ ባለሙያ የግድ ነው። አካፋ የሚይዘው እጅ እየቀነሰ ነው።

ላቦራቶሪውን ላሳያችሁ። ከመጣው መኪና ላይ ከተለያየ ቦታ ናሙና ይወሰዳል። ይደቃል፣ ይነፋል። ከዚያ አንድ ግራም ያህሉ በትንሽ ሳህን ተደርጎ 815 ዲግሪ የሚግል ምድጃ ውስጥ ይገባል። የተረፈው አመድ ይመዘናል። አመዱ በውሉ ከተጻፈው መጠን ካለፈ መኪናው ከነጭነቱ ይመለሳል። ሾፌሩ ይሳደባል፣ አቅራቢው ስልክ ያስደውላል፣ ሚዛኑ ላይ የቆመችው ልጅ ግን ቁጥሩን አትነካም። የጠፋው እንዲህ ያለ ሰው ነው! ስንቱ የኬሚስትሪ ተመራቂ እኮ ይህ ሥራ መኖሩን እንኳ ሳይሰማ ቤቱ ቁጭ ብሏል።

ወደ አካባቢያችን ስንመጣ፣ ሙሽ ሸለቆ ውስጥ ሊግናይት የሚባለው እርጥበት የበዛበት፣ ሙቀቱ አነስ ያለ ከሰል አለ። (ፈረንጆቹ በብዛት የሚመጡት ለከሰሉ ሳይሆን እዚያው ለተገኘው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ለሚጠጋ የቅጠል ቅሪት ነው።) በስም የሚታወቁት የከሰል ቦታዎች ያዮ፣ ድልቢና ዳውሮ ናቸው፤ ሁሉም ከእኛ ሩቅ። እኔን ብትሰሙኝ ከሰሉ ከሚወጣበት ይልቅ የሚነድበትን ተመልከቱ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም አለው ተብሏል። የሲሚንቶ ምድጃ ወደ 1450 ዲግሪ ይግላል፤ ያን የሚያህል ምድጃ ሲሠራ ደግሞ የሚፈታ፣ የሚበየድ፣ የሚጠገን አያጣም። ብየዳ ወይም ሞተር መጠቅለል የተማረ ልጅ ከሰሉ ቢቀዘቅዝ ሲሚንቶው ይፈልገዋል።

ኤክስካቫተር ለመማር ብር የምትቆጥቡ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «ማሽኑ ላይ ስንት ሰዓት እቀመጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ማሠልጠኛ ቲዎሪ ብቻ ሰጥቶ ሰርተፊኬት ያሸክማችኋል። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ላይ ትወድቃላችሁ፣ ወይም አልፋችሁ ቅጥር ቀን መሪው ፊት ትደነግጣላችሁ።

ደላላ «ይህን ያህል ክፈልና አስገባሃለሁ» ካላችሁ ጥላችሁት ሂዱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ አይቀበልም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። በጽሑፍ ውል ባትፈርሙም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። የጡረታ መዋጮው ከእናንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ ከደሞዛችሁ ተቆርጦ ገቢ ሳይደረግ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ ተከታተሉት። 18 ዓመት ያልሞላው ወንድማችሁ ደግሞ ቢለምናችሁም ጉድጓድ ውስጥ ይዛችሁት እንዳትገቡ፤ ሕጉም አይፈቅድም።

አቧራው ነገር አያስተኛኝም። ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍ ላይ መጠምጠም ማስክ አይደለም። ሳንባ ቀስ ብሎ ነው የሚያዘው፤ ሳል ሲጀምራችሁ ምናልባት ሥራውን ከለቀቃችሁ ቆይታችኋል፣ ማንም አይጠየቅላችሁም። ማስክ የማቅረብ ግዴታው የአሠሪው ነው። እየተሳቀቃችሁ አትጠይቁ።

አንድ የቀረኝ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ መኪና አይገባም። መጀመሪያ የሚቀነሰው የቀን ሠራተኛው ነው። በመስከረም የሚጠራችሁ ቀጣሪ ይህን አያነሳላችሁም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ክረምት ላይ ደሞዝ ይኖር እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱንም በወረቀት አስጽፉት።