ችግኙን ብቻ ነው የጫኑት?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር የተዳቀለ ማንጎና የቡና ችግኝ ገዝቼ ዘጌ ወዳለው የቤተሰቤ ጓሮ በጀልባ ልወስድ ነው። ለጉዝጓዝ ደግሞ ከሐይቁ ዳር የተለቀመ ደረቅ እምቦጭ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቻለሁ። ተባይ ይዤ እንዳልሄድ ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እምቦጩን እዚሁ ይተዉት። ቅጠሉ ቢደርቅም ዘሩ አይሞትም፤ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የክረምት ጎርፍ ከጓሮዎ አጥቦ እንደገና ሐይቅ ያስገባዋል። «ኮምፖስት ውስጥ ይሞታል» የሚሉዎት እውነት የሚሆነው ክምሩ እኩል ሲግል ብቻ ነው፤ ዳር ዳሩ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ካልተገለበጠ አያስተማምንም። ለጉዝጓዝ እዚያው ዘጌ የረገፈው ቅጠል ይበቃዎታል።

ማንጎውን ሳይከፍሉ በፊት ቅጠሉን ከላይም ከታችም ያገላብጡ። ነጭ ክብ ነጠብጣብ ካዩ በጥፍርዎ ያንሡት፤ ከሥሩ ቀላ ያለ አካል ከወጣ ነጩ የማንጎ ተባይ ነው። ሻጩ «አቧራ ነው» ቢልም አይመኑት። በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ምሥራቅ ወለጋ ላይ ነው። እንስቷ ክንፍ የላትም፣ ከተጣበቀችበትም አትነቃነቅም፤ ሩቅ አገር የሚያደርሳት በሰው እጅ የሚጓጓዝ ችግኝና ፍሬ ነው። እንቁላሉ በቅርፊቱ ሥር ስለሚሸሸግ በሳሙና ማጠብ አያስተማምንም። አንድ ችግኝ ላይ ካገኙ ከዚያ መደብ ምንም አይግዙ።

ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን አፈሩ ነው። አንዱን የቡና ችግኝ የያዘ የፕላስቲክ ቱቦ ቀድደው ሥሩን ውኃ ውስጥ ያለቅልቁት። ሥሩ ራሱ እንደ ዶቃ ከተቋጠረ ነማቶድ (ሥር የሚያጠቃ በዓይን የማይታይ ትል) አለበት፤ መድኃኒት ፍለጋ አይድከሙ፣ አይውሰዱት። የራስዎን የችግኝ አፈር ሲያዘጋጁ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ አርጥበው፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዘርግተው፣ ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሸፍኑት። ጠርዙን በአፈር ይቅበሩ። ጥቁር ፕላስቲክ ያን ያህል አያሞቀውም፤ በክረምትም ልፋቱ ከንቱ ነው።

ገጀራና መቀስም ተሸካሚዎች ናቸው። ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስ በገጀራ ቁስል በኩል ይገባል። መጀመሪያ ጭቃውን በደንብ ያጥቡ፤ ጭቃ የበረኪናን ኃይል ያደክማልና። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ዘይት ይቀቡ፤ አለዚያ ይዝጋል። ብጥብጡን ለነገ አያሳድሩ።

ዘጌ ሲደርሱ አዲሱን ማንጎ ከነባሩ ራቅ አድርገው 1 ወር ያህል ያቆዩት፤ ቅጠሉንም በየሳምንቱ ይዩ።