ዘንዶውን ተወውና ጠርሙሱን ገልብጠህ ቂጡን እየው

ከቢቸና የጻፍክልኝ ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምክ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከሴት አያትህ ሳጥን ሆዱ ላይ ግራጫ የብረት ዘንዶ የተጠመጠመበት ቡናማ የሸክላ መጠጥ ጠርሙስ ወጣ፣ ክዳኑ ማጠፊያው ጋ ተሰብሯል፣ አንድ ነጋዴ ብር ነው በግራም ልግዛህ አለህ፣ አንተ ደግሞ ክዳኑን አስበይጄ በሎሚና ባመድ ፈትጌ ልሽጠው ወይ ጋሼ አልከኝ። ኧረ ተው! እንዳትነካው።

ብየዳውን ላስቀድም። ከነገርከኝ መልኩ ብር ሳይሆን ፒውተር ነው የሚመስለኝ፣ ማለት ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚሉት ብረት) የሚበዛበት ድብልቅ፣ አሮጌው ላይ እርሳስ የሚባለው ብረትም ይገባበታል። ፒውተር ባብዛኛው 250 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ ንጹህ ብር ግን 961 ይፈልጋል፣ ስለዛ በብር ወይ በብረት የለመደ ሰው እሳት ካስነካው አለቀ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ አንድ ክዳን በዛ እሳት ነካ ባደርገው ምጣድ ላይ እንደወደቀ ቅቤ ፈሰሰ፣ ባለቤቲቱን ላለማግኘት ሳምንት ሙሉ በጓሮ ነበር የምገባው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ከማይታይ ቦታ፣ ከክዳኑ ውስጥ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ፈተግ አርገው፣ እንደ እርሳስ እስክሪብቶ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ የበዛበት ፒውተር ነው። ካልተወ አንጥረኛ ጋ ሂድና መፈተኛ ድንጋይ ላይ ከማርትሬዛ ጠገራ ጎን ያስምርልህ፣ ጠገራው ከሺው 833ቱ ብር ስለሆነ ከለሩን ማወዳደር ነው። 800 ወይ 925 የሚል ማህተም ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ አልፓካ የሚል ካለ ግን መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የሚባል ነገር የለበትም።

አሁን ወደ ቂጡ። ልባጥ (ሸክላውን የሚሸፍነው አንጸባራቂ ቆዳ) ያልነካው ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል፣ እንደ ጀበና ከጠጣው ተራ ሸክላ ነው፣ ቁጭ ካለ በ1200 ዲግሪ አካባቢ ተቃጥሎ እንደ ድንጋይ የጠና ስቶንዌር ነው። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ካለ ምድጃው ውስጥ ጨው እየወረወሩ የለበጡት ነው፣ ጀርመኖቹ በዚህ ይታወቃሉ፣ ግራጫው ላይ ሰማያዊ የሚስሉት የቬስተርቫልድ ሰዎች ነበሩ። ቂጡ ላይ በክር የተቆረጠ የክብ ክብ መስመር፣ ውስጡ የጣት ሽክርክሪት ካለ በእጅ ነው የተሰራው። ያንተ ዘንዶ ስላለው ግን ልቤ ወደ ቻይና ነው የሚያደላው። ብረቱ ታች በላቲን ፊደል ዌይሃይዌይ የሚል ካለ ደስ ይበልህ፣ እንግሊዝ ያንን ወደብ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1930 ተከራይታው ነበር፣ ዘንዶ የለበሰ ፒውተር ያኔ ለፈረንጅ በብዛት ይሸጥ ነበር። በተቃራኒው በእንግሊዝኛ «የፌደራል ህግ ይህን ጠርሙስ መልሶ መጠቀም ይከለክላል» አይነት ጽሁፍ ካለው እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1964 ለአሜሪካ ገበያ የተሰራ የመጠጥ ጠርሙስ ነው፣ የቅድመ አያት ነው ብለህ አትከራከር።

ዘንዶውና ሸክላው የሚገናኙበትንም በደንብ እይ፣ ቅርፊቱ ስር የዘመናት እድፍ ከሌለና ቢጫ ሙጫ ከታየህ ብረቱ በኋላ የተለጠፈ ነው። ለዚህ ነው አመዱን የከለከልኩህ፣ ያ እድፍ ምስክርህ ነው። በጣትህ መታ መታ አርገው ደግሞ፣ ከጮኸ ደህና፣ ድፍን ድምጽ ከሰጠ ስንጥቅ አለው፣ ዋጋውን ከምንም በላይ የሚጥለው እሱ ነው።

ነጋዴውን እርሳው፣ ፒውተር በግራም እንደ ብር አያወጣም፣ የሚሸጠው እንዳለ ከነሸክላው ነው። ኢንተርኔት ላይ ስታወዳድር ሰው የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን እይ፣ መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል።

አያቴ ከዳንግላው እንግሊዝ ነው ያገኙት ያልከው ሊሆን ይችላል፣ ቺዝማን የሚባል ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዛ ነበር። ግን እኛ ጎጃም አሮጌ ነገር ሁሉ ወይ የራስ ኃይሉ ወይ የበላይ ዘለቀ ነው ስለምንል ገዢ አያምንህም፣ ፎቶ ወይ ደብዳቤ ካለ ሳጥኑን ደግመህ በርብር። ውጭ አገር ለመላክ ካሰብክ ደግሞ መጀመሪያ የቅርስ ባለስልጣን ጋ ጠይቅ፣ አዋጅ 209/1992 አለ።

አረቄ ግን እንዳታስቀምጥበት፣ ክዳኑ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ እሱ ደግሞ መርዝ ነው። የቂጡን ፎቶ በጎን ብርሃን አንሳና ላክልኝ፣ የክዳኑን ማጠፊያ ያለ እሳት በፒን እንዴት እንደምንይዘው ያኔ እነግርሃለሁ።