እራቱ ወይስ የበረዶ ግግሩ? በክሩዝ ላይ የእራት ሰዓት ስለመምረጥ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። በጁን መጨረሻ ለ7 ቀን ወደ አላስካ በክሩዝ ልትሄዱ ነው። ለእራት ሦስት ምርጫ ተሰጥቷችኋል፦ 17:30፣ 20:00 ወይም ቋሚ ሰዓት የሌለው። ባለቤትሽ በረዶው እንዳያመልጠው ፈርቷል። አንቺ ደግሞ የተከፈለበትን እራት ትተሽ ቆመሽ ሳንድዊች መግመጥ አይዋጥልሽም። የቱን ልያዝ ነው ያልሽው።

አጭሩ መልሴ፦ ቋሚ ሰዓት የሌለውን ያዢ። እሱ ካለቀ 17:30ን። ለአላስካ 20:00ን አልመክርም። (ሰዓቱን መርከቡ በሚጽፍበት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው። ወደኛ ለመቀየር 6 ቀንሺ፤ 19:00ና ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ቀንሺ።)

ግን ሜዲትራኒያን ነው የምንሄደው ብትዪኝ ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የምነግርሽ። ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው።

የመጀመሪያ ጉዟችን ሞንቴኔግሮ፣ ኮቶር ላይ ይቆም ነበር። ልጅ ይዘናል፣ ቶሎ እንብላ ብለን 17:30ን መረጥን። መርከቡ ከኮቶር የሚነሳው 17:00 ላይ መሆኑን ያየ ሰው የለም። የኮቶር ባሕረ ሰላጤ ደግሞ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው። ግራና ቀኝ ተራራ ነው፣ በመሃል ውሃ። ፔራስት ከምትባለው ትንሽ ከተማ ፊት ለፊት ሁለት ሚጢጢ ደሴቶች አሉ፣ በአንዷ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣለች። እነሱን እንዳለፍሽ ውሃው 340 ሜትር ገደማ ወደምትሆን ጉሮሮ ይጠብባል። ያ ግዙፍ መርከብ በዚያ ውስጥ ሹልክ ብሎ ያልፋል። እኔ በዚያን ሰዓት የት ነበርኩ? ሾርባ ላይ። ደሴቶቹን ያየኋቸው በአስተናጋጁ ክንድ ሥር ነው። ቀጥሎ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዓይናችንን ስትወጋን ሰውየው ለእኛ አስቦ መጋረጃውን ሳብ አደረገው። ጠረጴዛው ላይ የቀረው አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ነበር፣ ዳቦው ላይ ተጋድሞ። ጣፋጩን ትተን ሮጠን ስንወጣ ጠባቧ መተላለፊያ ከኋላ ቀርታለች። ባለቤቴ እስከዛሬ «ሾርባውስ እንዴት ነበር?» ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ከመምረጤ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ፦ መርከቡ ከየወደቡ ስንት ሰዓት ይነሳል? ፀሐይስ ስንት ሰዓት ትጠልቃለች? ሁለቱም ከወራት በፊት የሚታወቁ ናቸው። የመነሻው ሰዓት የጉዞ ፕሮግራሙ ላይ አለ፣ ፀሐይዋን ስልክሽ ይነግርሻል። በመስከረም ሜዲትራኒያን ላይ መርከቦች ብዙውን ጊዜ 17:00ና 18:00 ላይ ይነሳሉ፣ ፀሐይዋም 19:00ን አለፍ ስትል ትጠልቃለች። ስለዚህ 17:30 ላይ ከተቀመጥሽ መነሻውንም ጀምበሯንም ትከስሪያለሽ። 20:00 ከሆነ ግን ሁለቱንም አይተሽ፣ ጸጉርሽን አስተካክለሽ ትወርጃለሽ። ካሪቢያንም በዲሴምበርና በጃንዋሪ እንደዚያው ነው። እንዲያውም እዚያ ፀሐይዋ 18:00 አካባቢ ትወርድና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል። ለምግብ የሚተርፍ ብርሃን የለም።

አላስካ ሌላ ዓለም ነው። በጁን መጨረሻ በአላስካ ዋና ከተማ በጁኖ ፀሐይ የምትጠልቀው 22:00ን አልፎ ነው። ከዚያም በኋላ ሰማዩ ለረጅም ጊዜ አይጨልምም። ስካግዌይ ከሚባለው የአላስካ ወደብ ብዙ መርከቦች 20:00 አካባቢ ይነሳሉ። መውጫው ሊን ካናል ይባላል። ስሙ ካናል ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ፊዮርድ ነው፣ ማለትም በተራሮች መሃል የገባ ጠባብ የባሕር ክንድ፣ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከኮቶር በተቃራኒው እዚህ ያማረው ብርሃን የሚመጣው ከእራት በኋላ ነው። 17:30 ላይ የበላ ሰው 19:30 ላይ ጃኬቱን ለብሶ የመርከቡን የጠርዝ አጥር ተደግፏል። ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ የሚታየውም በዚህ መስመር ነው፤ ሲተነፍስ ከሩቅ ጭስ የመሰለ ነገር ቡፍ ይላል። የ20:00 ሰው በዚያን ሰዓት ሜኑ እየገለጠ ነው።

ስለ በረዶው ባለቤትሽ ብዙም አይጨነቅ። ግሌሸር ቤይ ወደሚባለው የበረዶ ግግሮች ያሉበት ባሕረ ሰላጤና ብሔራዊ ፓርክ የሚገቡ መርከቦች አብዛኞቹ በጠዋት ነው የሚገቡት። የፓርኩ ጠባቂዎች (ሬንጀሮች) መርከቡ ላይ ይወጣሉ፣ በድምፅ ማጉያ ያብራራሉ። በቀን ከሁለት ትልልቅ የክሩዝ መርከብ በላይ ስለማይፈቀድ ግርግር የለም። ማርጀሪ የተባለው ግግር ፊት ሲደርስ መርከቡ ቆሞ በዝግታ ይዞራል፣ ስለዚህ በየትኛውም ጎን ብትሆኚ ተራሽ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከእራት ጋር አይነካካም። የሚነካካው ከምሳ ጋር ነው። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ ውጭ ቆዪ። በጣም ባዶው ሰዓት እሱ ነው።

የምታዩት ሀባርድ የሚባለውን ግግር ከሆነ ግን ፕሮግራሙን ደግመሽ እዪ። ከሰዓት በኋላ ደርሰው አመሻሽ ላይ የሚመለሱ መርከቦች አሉ። ፊቱ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፣ በግማሽ ሰዓት ጨርሼ ልውረድ የምትዪው አይደለም። ጉዟችሁ ወደ ዊቲየር ወደብ የሚሄደው ከሆነ ደግሞ መርከቡ ኮሌጅ ፊዮርድ ወደሚባል ቦታ ምሽት ላይ ሊገባ ይችላል። በ1899 (በፈረንጆች) የሃሪማን የጥናት ጉዞ አባላት ግግሮቹን በአሜሪካ ኮሌጆች ስም ጠርተዋቸው ነው እንዲህ የተባለው፤ ከጫፍ ያለው ትልቁ ሃርቫርድ ነው። ሰዓቱ እራት ላይ በቀጥታ የሚወድቅ ቦታ ይኸው ነው። የዚያን ቀን ዋናውን አዳራሽ እርሱት። ቡፌው እንደተከፈተ ብሉና ውጡ። በሰባት ቀን ውስጥ አንድ ቀን ቡፌ ብትበዪ ማንም አይታዘብሽም።

ቋሚ ሰዓት የሌለውን ብትይዢም ሁለት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ፣ ግግሩ እንዳለቀ መርከቡ ሙሉ በአንድ ጊዜ ይርበዋል። ብርድ መትቶታል፣ ሁሉም ወደ ታች ይጎርፋል፣ ሰልፉ ደረጃ ድረስ ይደርሳል። ወይ ቀድመሽ ብዪ፣ ወይ ካቢንሽ ገብተሽ ሙቅ ሻወር ውሰጂና 40 ደቂቃ ቆይተሽ ሂጂ። ሁለተኛ፣ ለስካግዌይ ምሽት ጠረጴዛ ቀድመሽ አስይዢ። የመርከቡ አፕ ላይ ወይም በመጀመሪያው ቀን አዳራሹ በር ላይ ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ ኃላፊ ብዙ ጊዜ እዚያው ቆሞ ጥያቄ ይቀበላል። 20:00 ከደረሰብሽም ያኔውኑ ሄደሽ እንዲቀይርልሽ ጠይቂው፣ በነጋታው ቦታ ያልቃል።

አስተናጋጁን አትፍሪው። ስትቀመጪ «19:00 ላይ መውጣት እንፈልጋለን» በዪው፣ በቃ። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው እራት 50 ደቂቃ ይሆናል። እኔ ሾርባና ሰላጣ እዘላለሁ፣ ጣፋጩን በሰሃን ይዤ እወጣለሁ። ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ከሆናችሁ ለእነሱም ንገሪ፤ አለበለዚያ አንቺን እየጠበቁ ሁሉም ይጓተታል። ጃኬትሽን ወንበሩ ላይ አንጠልጥዪ። ካቢን ድረስ ለጃኬት መመላለስ 15 ደቂቃ ይበላል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ሊፍት ጥበቃ ነው።

«ከመስኮት አጠገብ ብንቀመጥስ?» ትዪኝ ይሆናል። እንደ ሁኔታው ነው። በብዙ መርከቦች ዋናው አዳራሽ ከታችኞቹ ፎቆች አንዱ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ በኩል ነው። በጎን መስኮት የሚታየው አንድ ወገን ብቻ ነው፣ እሱም ዝቅ ብሎ። የኋላው መስኮት ግን ከወደብ ስትወጡ ወርቅ ነው፤ የተዋችሁት ተራራ ቀስ እያለ ሲያንስ እየበላሽ ታያለሽ። ኖርዌይ ከጋይራንገር ስንወጣ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ደርሶን ሰባቱ እህትማማች የሚሉትን ፏፏቴ ከሹካ ጋር አየሁት። የዕድል ነገር ነው፣ እሱን ተማምነሽ ግን አታቅጂ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ቀላል ይመስላል እንጂ እኛን አንድ እራት አስከፍሎናል። ከሲያትል ወይም ከቫንኩቨር ስትነሱ አላስካ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። መርከቡ ሰዓቱን በአንዱ ሌሊት ይቀይራል፣ ማስታወቂያውም ማታ ካቢን ውስጥ ከሚቀመጠው የነገው ፕሮግራም ላይ ይወጣል። ስልክሽ ግን የራሱን ሐሳብ ይከተላል። ባሕር ላይ አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ያጣዋል። ስልካችንን አምነን ለብሰን ብንወርድ በሩ ዝግ ነው፣ አንድ ሰዓት ቀድመናል። ተመልሰን ወጥተን ካቢን ውስጥ ጋደም አልን። እንቅልፍ ወሰደን። ርካሽ የእጅ ሰዓት ያዢና በመርከቡ ሰዓት ሙዪው።

ጉዟችሁ ከቫንኩቨር ወደ ዊቲየር ነው ወይስ ደርሶ መልስ? የመነሻ ሰዓቶቹን እዚህ ለጥፊው፣ የትኛው ምሽት ቡፌ እንደሚሆን አብረን እናየዋለን።