ጡረታ ተቆርጦ ገቢ ካልተደረገ የት ይከሰሳል?

እህቴ፣ ቃሊቲ ያለው ፋብሪካ ከደመወዝሽ ጡረታ እየቆረጠ ገቢ ካላደረገ፣ ፍርድ ቤት ከመሮጥሽ በፊት የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሂጂ። በጡረታ መለያ ቁጥርሽ የትኞቹ ወራት እንደጎደሉ አስፈትሺ። ካንቺ 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ መግባት ነበረበት። ውዝፉን ከአሠሪው የሚያስከፍለውም አስተዳደሩ ነው።

ትልቁ ማስረጃሽ የደመወዝ ወረቀትሽ ነው፤ የተቆረጠው ብር እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ከሥራ ከወጣሽ በኋላ ማን ይሰጥሻል? አሁኑኑ ፎቶ አንሺው። ቢሮ ውስጥ «ነገ እናስተካክላለን» ካሉሽ በጽሑፍ ጠይቂና ቀን ያለበት ቅጂ ያዢ።

የአስተዳደሩ ውሳኔ ካላረካሽ ይግባኙ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው። ያልተከፈለሽ ደመወዝ ወይም የትርፍ ሰዓት ካለ ግን እሱ ሌላ ክስ ነው፤ ለሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። እዚያ ላይ አትዘናጊ፣ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ ክስሽ ተቀባይነት አያገኝም።