የገበታ ጥያቄዎቻችሁ፦ ከሩዝ ቅልቅል እንጀራ እስከ ጓያ ሽሮ

በዚህ ወር ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ገበታችን መለወጡን፣ ለውጡም ለጤናችን ይበጅ እንደሆነ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ምግብን በአገሩ፣ በዘመኑ ወይም በዋጋው ከመመዘን በፊት እንዴት እንደተዘጋጀ መጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከታች የሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የጤፍ ዋጋ አልቀመስ ስላለኝ ሩዝ ቀላቅዬ እጋግራለሁ። አማቴ ግን «ይህ እንጀራ አይባልም፤ ልጆቹን ጉልበት ያሳጣቸዋል» እያሉ ይቆጡኛል። ማናችን ነን ልክ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አማትዎ የተናገሩት እውነትነት አለው፤ እርስዎም ቢሆኑ ኑሮ አስገድዶዎት እንጂ ቤተሰብዎን ለመጉዳት ያደረጉት ነገር የለም። ሩዝ ከጣና ምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳ ከደርግ ዘመን ጀምሮ እየተስፋፋ የመጣ ሰብል ሲሆን፣ ዛሬ በከተሞቻችን ወፍጮ ቤቶች ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲፈጭ ማየት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሩዝ ሲፈተግና ሲነጣ አብዛኛው ብረትና አሠር ከገለፈቱ ጋር ይወገዳል። የጤፍ ፍሬ ግን እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ሊፈተግ ስለማይችል ከነቆዳው ይፈጫል፤ ያለው ሁሉ ዱቄቱ ውስጥ ይቀራል። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ዐይን ይማርካል፤ በማግሥቱ ግን ይደርቅና ሲጠቀልሉት ይሰባበራል።

መቀላቀል ግድ ከሆነ ታዲያ ለምን ዳጉሳ አይሆንም? ከተሜው ዳጉሳን ከጠላና ከአረቄ ጋር ብቻ አያይዞ ማሰብ ቢለምድም፣ የዳንግላና የመራዊ ገበሬ ከጤፍ ጋር እየጋገረ ሲመገበው ኖሯል። በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ይገኛል፤ ይህም ከጤፍ የሚበልጥ ነው። ሦስት እጅ ጤፍ ላይ አንድ እጅ ዳጉሳ ቢጨምሩ ልጆችዎ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም። እርግጥ እንጀራው ጠቆር ይላል። በእኔ እምነት ለእንጀራ ነጭነት የምንሰጠው ክብር ከሚገባው በላይ ነው፤ በዚሁ ምክንያት ቀይ ጤፍን የድኻ እህል እያልን ስናናንቀው ኖረን፣ ዛሬ በብረት ይዘቱ ተፈላጊ ሆኖ በከተማ ገበያ ዋጋው ሲወደድ እያየን ነው።

ከእህሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሊጡ ነው። ጤፍ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይህ ንጥረ ነገር ብረቱን አጥብቆ ስለሚይዘው ሰውነታችን እንደ ልብ አያገኘውም። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ግን ፋይቴቱ እየተሰባበረ ይሄዳል። ፊቱ ላይ የጠለለውን ውሃ ደፍቶ፣ ከሊጡ ጥቂት ቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ጥሎ፣ ኩፍ እስኪል ጠብቆ የሚጋግር ሰው እንጀራውን ዐይናማ ከማድረጉም በላይ ለጤናው ይጠቀማል። በችኮላ በዳቦ እርሾ ተነሥቶ በማግሥቱ የሚጋገር ንጹሕ ማኛ፣ በወጉ ከቦካ የዳጉሳ ቅልቅል ይበልጣል ለማለት እኔ አልደፍርም። ይህንን ለአማትዎም ያንብቡላቸው፤ ሊጡ ላይ ሳይስማሙ አይቀሩም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሽሮ ሲቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ኢንዶሚ ሲባል ግን ዘለው ይነሣሉ። ልከልክላቸው ወይስ ልተዋቸው? (የሦስት ልጆች አባት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ፈጽመው ቢከለክሉ ከጎረቤት ሄደው ይበሉታል፤ ጨርሰው ቢተዉት ደግሞ የዘወትር ምግብ ይሆናል። ኢንዶሚ የምንለው ምግብ በአብዛኛው በዘይት ተጠብሶ የደረቀ የስንዴ ሊጥ ሲሆን፣ ጨው የሚበዛበት አብሮት በሚመጣው የቅመም ከረጢት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ የቅመሙን ግማሽ ብቻ ይጠቀሙ፤ እንቁላል ይስበሩበት፤ በቀጭኑ የተከተፈ ጎመን ወይም ካሮት ይጨምሩበት። ከሁሉ በላይ ግን ጎበዝ ለሆነ ልጅ የሚሰጥ ሽልማት አያድርጉት፤ ሽልማት የሆነ ምግብ በልጅ ልብ ውስጥ ከሌላው ሁሉ የከበረ ይሆናልና።

ሽሮውንም ቢሆን መለስ ብለው ይመልከቱት። ውሃ የበዛበትና ሽንኩርት የነፈገው ሽሮ በየቀኑ ሲቀርብ ልጅ ቢሰለቸው አይፈረድበትም። ለመክሰስም የጮቄን ገብስ በሶ በጥቂት ማር በጥብጠው ይስጧቸው፤ ከእሽግ ብስኩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአቮካዶ ጭማቂ በየቀኑ መጠጣት ጥሩ ነው? (ከመራዊ)

መልስ፦ አቮካዶው ጥሩ ነው፤ በቆጋ መስኖ አጠገብ ለሚኖር ሰው ደግሞ ትኩሱን ማግኘት አያስቸግርም። ችግሩ የሚጨመርበት ስኳርና ከላይ የሚፈስበት ቪምቶ ነው። በሎሚና በጨው አሽተው በዳቦ ይብሉት።

ጥያቄ፦ የከተማ ጓደኞቼ ግብጦ ስበላ ይስቁብኛል። እውነት የሚያሳፍር ምግብ ነው? (ተማሪ፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ አያሳፍርም ወንድሜ፤ ይልቁንም ብዙ ልንኮራበት የሚገባን እህል ነው። በአዊና በሜጫ ሌላ ሰብል እንደ ልብ በማይበቅልበት ደካማ መሬት ላይ ያለ ማዳበሪያ ያድጋል፤ አፈሩንም ያለመልማል፤ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሥጋ እንደ ልብ በማይገኝበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አደራ፣ ግብጦ በጥሬው መርዛማ ነው። መራራነቱ የሚመጣው አልካሎይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ በደንብ ሳይዘፈዘፍ የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዐይኑ ይፈዛል፣ ራሱን ያዞረዋል። እናቶቻችን ቆልተው ወይም ቀቅለው በጆንያ አስረው ወንዝ ውስጥ ለቀናት የሚያስቀምጡት በከንቱ አይደለም። ወንዝ ከሌለህ በትልቅ ባልዲ ዘፍዝፈህ ውሃውን ጠዋትና ማታ ለውጥ፤ ከዚያም አንዷን ፍሬ በጣቶችህ ጨመቅ አድርገህ ቆዳዋን አውልቅና ቅመሳት። ምሬት ከተሰማህ ገና ነው፤ እንደገና ዘፍዝፍ። ጓደኞችህንም የበሰለውን በጨውና በሚጥሚጣ አቅምሳቸው።

ጥያቄ፦ ከገበያ የምንገዛው ርካሽ ሽሮ ጓያ አለበት ይባላል። የጓያ እንፋሎት እግር ይሰብራል የሚሉትስ እውነት ነው? (ከቢቸና)

መልስ፦ እንፋሎቱም ሆነ ገለባው ላይ መተኛት ማንንም ሽባ አያደርግም። የሚጎዳው መብላቱ ነው፤ ያውም ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ለሁለት ሦስት ወራት ዋና ምግብ ሲሆን። ውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ስለሚጎዳ እግር ይተሳሰራል፤ በተለይ ወጣት ወንዶችን ያጠቃል፤ የደረሰው ጉዳትም አይመለስም። ጓያ ዝናብ ቢጠፋም በመረሬ መሬት ላይ ስለሚያፈራ፣ የሚበዛው ሰው በሚቸገርበት ዓመት መሆኑ ነገሩን የከፋ ያደርገዋል። አልፎ አልፎ የተበላ ጓያ ግን አያስፈራም።

የተፈጨ ሽሮ ውስጥ ጓያ መኖሩን በዐይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ አተሩን፣ ባቄላውን ወይም ሽምብራውን በፍሬው ገዝተው ያስፈጩ፤ የጓያ ፍሬ ማዕዘን ያለውና ዥጉርጉር ስለሆነ ሲለቅሙ ይታወቃል። ጓያን ራሱን መጠቀም ግድ ከሆነብዎ ፍሬውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ፤ አጥበው አድርቀው ከሌላ እህል ጋር ያስፈጩት። መቁላት ብቻውን መርዙን ሁሉ አያጠፋም። በቤትዎ ለሳምንታት ከጓያ በቀር ሌላ እህል ከሌለና ከቤተሰቡ አንዱ ሲራመድ ጉልበቱ ከከዳው፣ መብላቱን ያቁምና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።