ዳዊቱ አይሸሽም

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሲስተር ነው የምትሉኝ፣ ደስ ይለኛል። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን እዚሁ ሐዋሳ። አሁን እሁድ እሁድ ከገብርኤል ስመለስ የሰፈር ልጆች ቡና ላይ ትመጡና የልባችሁን ትጠይቁኛላችሁ፣ ከቡናው የቀራችሁ ደግሞ ማታ በቴሌግራም ትልኩልኛላችሁ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፣ የንስሐ አባታችሁንም ቦታ አልወስድም፣ በሥራ ዘመኔ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ ብዬ ነው ይሄን የጻፍኩት።

ከሁሉ በላይ የምትሉኝ “ሲስተር ስጸልይ ምንም አይሰማኝም፣ እግዚአብሔርም የሚሰማኝ አይመስለኝም” ነው። ይሄን ስሰማ አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። ገና ወጣት ነርስ ነበርኩ፣ የሌሊት ተረኛ፣ ዋርዱ ጸጥ ሲል መዝሙረ ዳዊቴን አውጥቼ መድገም ጀመርኩ። ማክሰኞ ስለነበር ከ31 እስከ 60 ያለው ነው የዕለቱ፣ ያን ሳልጨርስ ማደር አልወድም ነበር። አንድ ሽማግሌ በሽተኛ “ልጄ” ብለው ጠሩኝ፣ “እሺ አባባ መጣሁ” አልኳቸው፣ ሦስት መዝሙር ስለቀረኝ ልጨርስና ብዬ። ደግመው ጠሩኝ። ጨርሼ ስሄድ መሬት ላይ ወድቀው አገኘኋቸው፣ ውሃ ጠምቷቸው ራሳቸው ሊነሱ ሲሉ ነው የወደቁት። እግዚአብሔር ይመስገን ስብራት አልነበረባቸውም፣ ግንባራቸው ተላጠ እንጂ። ደግፌ ወደ አልጋው ስመልሳቸው “ይቅርታ ልጄ፣ ጸሎት አቋረጥኩሽ” አሉኝ። እሳቸው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ ያ ድምጽ ከጆሮዬ አልወጣም።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም፣ ዝም ብለው ቆዩና “ዳዊቱ እኮ አይሸሽም ልጄ፣ ዕልባትሽን አድርገሽበት ብትሄጂ ስትመለሺ እዚያው ታገኚው ነበር” አሉኝ።

ስለዚ አይሰማኝም ስትሉኝ እኔ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ በዚያ ሰዓት ማን እየጠራችሁ እንደነበር ነው። እናት ከጓዳ እየተጣራች፣ ታናሽ እህት ፈተና ደርሶባት አስረዳኝ እያለች፣ እኛ በር ዘግተን ስሜት እንጠብቃለን። ጸሎት ተዉ ማለቴ አይደለም፣ ኧረ በፍጹም! ቤተክርስቲያናችን በቀን 7 የጸሎት ጊዜ የሰጠችን ቀኑን ሙሉ እግዚአብሔርን እንዳንረሳ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው ልጅ ሺፍት ስለሚያሯሩጠኝ ሰዓቱን መጠበቅ አልቻልኩም ብላ አለቀሰችብኝ። እናቴ፣ በነግህ ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጠሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፣ 9 ሰዓት ሲሆን ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው ብለሽ እጅሽ ጨርቁ ላይ እያለ በልብሽ አቤቱ ማረን በይ። አጠገብሽ ያለችዋ አዲስ ልጅ ማሽኑ ካስቸገራት ደግሞ አሳዪያት። እግዚአብሔር ሁለቱንም ያያል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። “ጸበል እየተጠመቅኩ መድኃኒት ብወስድ እምነት ማጉደል ነው ወይ?” የሚል ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ሁለት ልጆች ጠይቀውኛል። ልጆቼ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት በሀገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፣ እኔ ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ ዋርድ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ፣ ስንቱን ወጣት በእጄ ሸኝቻለሁ። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ እምነቴ ይበቃኛል ብለው አቁመው ተዳክመው የተመለሱ ነበሩ፣ ያ ከመጀመሪያው የባሰ አመመኝ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እኮ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አይጣሉም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቡት፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። የቲቢም እንደዚሁ ነው፣ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፣ በሁለት ወሩ ሳል ሲቆምለት ተሻለኝ ብሎ የሚተወው ሰው በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስበት ይችላል፣ ቤቱ ላሉትም ሊተርፍ ይችላል። ጸበሉን ተጠመቁ፣ ክኒናችሁን በሰዓቱ ዋጡ።

ጾም ላይም ብዙ አልልም። ስኳር ያለበት ወይ ጨጓራው የቆሰለ ሰው ለንስሐ አባቱም ለሐኪሙም ይንገር፣ ቤተክርስቲያን ለበሽተኛ ታዝናለች፣ አስገድዳ አታስጾምም። ደብቃችሁ እየጾማችሁ ራሳችሁን ስታችሁ አትውደቁብኝ።

አንድ የቀረኝ አለ፣ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተኳርፎ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ። ይሄ ልጅ ቅዳሴ አያስታጉልም፣ ረቡዕና አርብን ይጾማል፣ ግን ልቤ ደረቀ ይለኛል። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል፣ ማቴዎስ 5 ላይ። መባውን አስቀምጠህ ሂድ ሲል ስሙት፣ መጀመሪያ ጸልይና ከዚያ ሂድ አላለም። ጎረቤቴ የሲዳማ አባት ናቸው፣ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ለሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ ሲያበሉኝ የነገሩኝን አልረሳውም፣ ተኳርፎ አዲሱን ዓመት መቀበል ነውር ነው፣ ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ ቀድሞ ይጨረሳል አሉኝ። በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. መዝግቦታል፣ እኔን ግን ያስቀናኝ ይሄ የመታረቁ ነገር ነው። የኛም መጽሐፍ እኮ ያንኑ ነው የሚለን።

ልጄ፣ የወንድምህ ቁጥር አሁንም ስልክህ ላይ እንዳለ ነግረኸኛል። የመሬቱ ነገር ማን እንደበደለ ገና አልተለየም ብለኸኝ ነበር፣ እሱን ሽማግሌ ይለየዋል። አንተ ዛሬ ማታ ጸሎትህን ከመጀመርህ በፊት ደውልለትና እናታችን እንዴት ናት በለው፣ ካላነሳ ነገ ጠዋትም ደውል። እሁድ ቡና አለ፣ ይዘኸው ና።